መጀመሪያ ምን እንደሚበሉ ይንገሩኝ

የጥያቄዎ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የምናብ ልቦለድ እየጻፉ ነው፤ በውስጡም «ሌሊታውያን» ብለው የሰየሟቸው ሕዝቦች አሉ። ቁመታቸው የሰው ያህል ነው፤ ከጀርባቸው ክንፍ ይወጣል፤ በዋሻ ይኖራሉ፤ ዐይናቸው ደካማ ስለሆነ በድምፅ ነጸብራቅ፣ ማለትም ጮኸው የሚመለሰውን ማሚቶ በመስማት ያያሉ፤ ደማቸው አረንጓዴ ነው፤ 400 ዓመት ይኖራሉ። ስለ መልካቸው 12 ገጽ ማስታወሻ ይዘዋል። ይሁን እንጂ ምዕራፍ አንድን ሲጀምሩ ጀግናዎ ከአልጋዋ ተነሥታ ፊቷን ትታጠባለች፤ ትኩስ ነገር ትጠጣለች፤ በሯን ዘግታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። «ክንፍ የተለጠፈባት ሰው ሆነችብኝ፤ የት ላይ ነው የሳትኩት?» ይላሉ።

የእንስሳት ሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ከሥራ ዘመኔ የሚበዛውን ያሳለፍኩት የሌሊት ወፎችን በማጥናት ስለሆነ ጥያቄዎን ያነበብኩት በታላቅ ደስታ ነው። የዘረዘሩትን ደጋግሜ አየሁት። የክንፉ ቀለም አለ፤ የጆሮው ቅርጽ አለ፤ የጸጉሩ ርዝመት አለ። የሚበሉት ነገር ግን የለም። ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ማንኛውም ሕያው ፍጥረት ዕድሜውን የሚጨርሰው ኃይል ሲያገኝና ኃይል ሲያወጣ ነው። መቼ እንደሚነቃ፣ ከማን ጋር ተጠጋግቶ እንደሚተኛ፣ ስንት ልጅ እንደሚወልድ፣ ጎረቤቱን በምን እንደሚቀየም የሚወስነው ይህ ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ካልተሠራ ክፍተቱን የሚሞላው ደራሲው ራሱ የሚኖረው ኑሮ ይሆናል። ጀግናዎ ፊቷን የታጠበችው ለዚህ ነው።

ከክብደት እንነሣ፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ ይመዘዛል። ጋሊሊዮ በ1638 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ አጥንት ጥንካሬ ያስረዳው ሕግ ለክንፍም ይሠራል። የአንድን እንስሳ ቁመት፣ ወርድና ውፍረት እጥፍ ብናደርገው የክንፉ ስፋት አራት እጥፍ ያድጋል፤ ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ክንፍ ክብደትን የሚከተለው ወደ ኋላ እየቀረ ነው። ዛሬ ከሚበሩ አእዋፍ መካከል እጅግ ከባዶቹ 18 ወይም 20 ኪሎ ግራም ገደማ ላይ ይቆማሉ። ከሌሊት ወፎች ታላላቆቹ ክንፋቸው ሲዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል ቢደርስም ክብደታቸው ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም አያልፍም። ከጠፉት ፍጥረታት አርጀንታቪስ የተባለው ግዙፍ ወፍ 70 ኪሎ ገደማ ይመዝን እንደነበር ይገመታል፤ ያንን ክብደት የተሸከመው ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ6 እስከ 7 ሜትር በሚደርስ ክንፍ ነበር፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ አየር ላይ እየተንሳፈፈ እንጂ እያርገበገበ አልነበረም።

ስለዚህ 60 ኪሎ የምትመዝን ጀግና 7 ሜትር ያህል ክንፍ ያስፈልጋታል። ይህን መርጠው መጻፍ ይችላሉ፤ ያኔ ግን ሰፊ አፍ ያለው ዋሻ፣ ከገደል ጫፍ ብቻ የሚጀመር በረራ፣ ነፋስ በሌለበት ዕለት መሬት ላይ የሚቀር ሕዝብ ይኖርዎታል። እኔ ብሆን ክብደቱን ወደ 25 ኪሎ፣ ቁመቱን ወደ አንድ ሜትር ከሃያ አወርድና ክንፉን 4 ሜትር ተኩል አደርገዋለሁ። «ጭንቅላታቸውስ? እንዲህ አንሰው እንዴት ያስባሉ?» ቢሉ መልሱ ከቁራና ከበቀቀን ይገኛል፤ አንጎላቸው ትንሽ ቢሆንም የነርቭ ሴሎቹ እጅግ ጥቅጥቅ ብለው የተደረደሩ ናቸው። የሰው አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ በዕረፍት ላይ ከምናወጣው ኃይል 20 በመቶውን እንደሚበላ ግን አይዘንጉ። አስተዋይ ፍጥረት ሁልጊዜ ቶሎ ይርበዋል።

ክንፉ ከጀርባ መውጣቱን እንዲተዉት አጥብቄ እመክራለሁ። በምድራችን ላይ የጀርባ አጥንት ኖሯቸው የበረሩት ሦስቱም ወገኖች ማለትም ወፎች፣ የሌሊት ወፎችና የጠፉት በራሪ ተሳቢዎች ክንፋቸው ክንዳቸው ነው። ሁለት ክንድ፣ ሁለት እግርና ሁለት ክንፍ ያለው ፍጥረት ከፈለጉ በዚያ ዓለም ያሉት አውሬዎችና እንሽላሊቶችም ባለ ስድስት እጅና እግር መሆን ይገባቸዋል፤ ሕዝብዎ ከሰማይ የወረደ እንጂ ከዚያው ዓለም የተወለደ አይመስልም። ክንፉ እጅ ነው ብለው ሲወስኑ ግን ነገሩ ወዲያው ሕይወት ይዘራል። የሌሊት ወፍን ክንፍ በብርሃን ፊት ዘርግቼ ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል፦ አራቱ ጣቶች እንደ ጃንጥላ ዘንግ ረዝመው፣ በመካከላቸው የደም ሥሮቹ የሚታዩበት ስስ ቆዳ ተወጥሮ፣ በፊት ጠርዙ ላይ አውራ ጣት ብቻዋን በጥፍሯ ነጻ ሆና ቀርታለች። መዳፍ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

እንግዲህ ሌሊታውያን የሚይዙት በአውራ ጣትና በእግር ነው። የሌሊት ወፍ ተዘቅዝቃ ስትንጠለጠል ጡንቻዋን አታደክምም። የገዛ ክብደቷ የእግር ጣቶቿን ጅማት ስቦ ይቆልፈዋል፤ ጉልበት የሚያስፈልጋት ለመልቀቅ እንጂ ለመያዝ አይደለም። ስለዚህም ነው ሞታ እንኳ ተንጠልጥላ የምትገኝ። ይህንን ለሕዝብዎ ሲሰጡት ቤታቸው ጣሪያው ይሆናል። አልጋ የለም፤ ወንበር የለም፤ ጠረጴዛ የለም። ወለል ማለት የወደቀ ነገር የሚቀርበት ስፍራ ነው። ከእጅ ያመለጠ ዕቃ 30 ሜትር ወርዶ ኩስ ውስጥ ስለሚቀበር ማንኛውም መሣሪያ፣ ቢላዋም ሆነ መርፌ፣ ማሰሪያ ገመድ ይኖረዋል፤ ሕፃን መናገር ከመማሩ በፊት ቋጠሮ ይማራል። በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ በሌላው የሚሠራ ሕዝብ ስለሆነ የሥራው ፋታ እግር መቀየር ነው። አንድ ሰው ሲሞት ደግሞ ተቆልፎ የቀረውን ጣቱን የሚፈታው ሌላ ሰው መኖር አለበት። ማን ነው የሚፈታው? የበኩር ልጅ? የተጣላው ወንድም ይህን መብት ቢነፈግስ? ይህ ጥያቄ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ያጽፍዎታል፤ የመጣውም ከአንድ ጅማት ነው።

ወደ ሆዳቸው እንመለስ። ማክስ ክላይበር በ1932 ባወጣው ቀመር የእንስሳ ክብደት እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ በ68 በመቶ ገደማ ብቻ ይጨምራል። በዚህ ቀመር 25 ኪሎ የሚመዝን አጥቢ ምንም ሳይሠራ ውሎ ቢያድር 780 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይፈልጋል። ሥራና በረራ ሲታከሉበት ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 2,300 ገደማ እንበል። ፍሬ በል ናቸው ብንልና አንድ ኪሎ የበሰለ ፍራፍሬ ከ500 እስከ 600 ኪሎ ካሎሪ ቢሰጥ ለአንድ ሰው በሌሊት 4 ኪሎ ግድ ይላል። ዋሻው 400 ነዋሪ ካለው በአንድ ሌሊት 16 ኩንታል፣ በዓመት ደግሞ 5,800 ኩንታል ይሆናል።

ይህን ቁጥር ይዘው ይቀመጡና ምን እንደሚያስከትል ያስቡ። 16 ኩንታል ፍሬ በየሌሊቱ ከአንድ አካባቢ አይገኝም። ስለዚህ ሌሊታውያን እያንዳንዱን ዛፍ፣ መቼ እንደሚያፈራና ባለፈው ዓመት ስንት እንዳፈራ ያውቃሉ። ሀብታቸው መሬት ሳይሆን ዛፍ ነው፤ ውርሳቸውም፣ ክርክራቸውም፣ ጥሎሻቸውም ዛፍ ነው። የዘመን አቆጣጠራቸው የትኛው ፍሬ እንደበሰለ የሚናገር ነው። ፍሬውን ተሸክመው አይመለሱም፤ አራት ኪሎ ለ25 ኪሎ በራሪ ከባድ ሸክም ነው። እንደ ፍሬ በል የሌሊት ወፎች አኝከው ጭማቂውን ይውጣሉ፤ ገለባውን ይተፋሉ፤ የተዋጠውም በግማሽ ሰዓት አካባቢ ያልፋል። ዘሩን በየበረሩበት እየዘሩ ነውና የሚበሉትን ደን የተከሉት ራሳቸው ናቸው።

ከዋሻው በታች የሚከመረውስ? የሌሊት ወፍ ኩስ ናይትሮጅን የሞላበት ነው። ወደ ትልቅ የሌሊት ወፍ ዋሻ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጉሮሮ የሚቆርጥ የአሞንያ ሽታ ነው፤ ዐይን ያስለቅሳል። ሰዎች ይህን ኩስ ለማዳበሪያ ቆፍረው አውጥተዋል፤ ከእርሱም ባሩድ የሚሠራበትን ጨው አንጥረዋል። እንግዲህ ሕዝብዎ ጎረቤት ገበሬ ካለው የሚሸጠው ነገር አለው፤ ጎረቤት ጦረኛ ካለው ደግሞ የሚያስወርረው ነገር አለው። ታች ወርዶ የሚቆፍረው ማን እንደሆነ መወሰን የእርስዎ ፈንታ ነው፤ ጣሪያው ክብር በሆነበት ስፍራ ወለሉ ላይ የሚሠራ ሰው ዕጣ ግን ቀላል አይሆንም።

አሁን ጀግናዎ የምትነቃበት ሰዓት ደረሰ። አንድ ምሽት በዋሻ አፍ ላይ ለምርመራ የያዝናትን ትንሽ የሌሊት ወፍ በጓንት መዳፌ ላይ አስቀምጬ ነበር። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዛለች። ኃይል ለመቆጠብ የሰውነቷን ሙቀት ጥላ፣ ልቧም በደቂቃ ጥቂት ጊዜ ብቻ እየመታ የሞተች ትመስላለች። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ሊያዩት የማይችሉት በጣት ብቻ የሚሰማ ንዝረት ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ተንቀጠቀጠች። ጓንቱን አልፎ ሙቀቷ ተሰማኝ፤ ጆሮዋ ቀና አለ፤ አፏን ከፍታ ያልሰማሁትን ድምፅ ጮኸች፤ ከዚያ መዳፌ ባዶ ሆነ። በረራ ላይ ስትሆን የዚህች ዓይነት ትንሽ ፍጥረት ልብ በደቂቃ ወደ 1,000 ምት ይጠጋል።

ይህ ንዝረት የሕዝብዎ ማለዳ ነው። 25 ኪሎ የሚያህል አካል እንደዚያች ትንሽ ወፍ በሩብ ሰዓት አይሞቅም፤ ስለዚህ ቅዝቃዜያቸው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይሁን፤ ሙቀታቸውንም ተቃቅፈው ይመልሱት። ሲመሽ 400 ሰው ጣሪያው ላይ ተጣብቆ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ መካከል ያለው ቶሎ ይሞቃል፤ ዳር ያለው ይዘገያል። መካከሉ የማን ነው? የሕፃናት፣ የእርጉዞች፣ ወይስ የባለሥልጣን? አንድን ሰው ለመቅጣት እስር ቤት አያስፈልግም፤ ዳር ላይ ብቻውን ማሳደር ይበቃል። ብቻውን ያደረ ሰው ዘግይቶ ይነቃል፤ ዘግይቶ የነቃ የበሰለው ዛፍ ላይ ሲደርስ የሚያገኘው ገለባ ነው።

አብዝቼ የምቆየው ግን በሚያዩበት መንገድ ላይ ነው፤ በማስታወሻዎ «በነጸብራቅ ያያሉ» ብለው በአንድ መስመር ያለፉት ነገር ከሁሉም የበለጸገው ነው። ላዛሮ ስፓላንዛኒ በ1790ዎቹ ማየት የተከለከሉ የሌሊት ወፎች ሳይጋጩ እንደሚበሩ አስተዋለ፤ ምሥጢሩ ግን መፈታት የጀመረው ዶናልድ ግሪፈንና ባልደረባው በ1938 የሰው ጆሮ የማይሰማውን ጩኸታቸውን በመሣሪያ ሲይዙ ነው። የእኛ ጆሮ በሴኮንድ ከ20,000 ንዝረት በላይ አይሰማም፤ ብዙዎቹ የሌሊት ወፎች የሚጮኹት ከዚያ በላይ ነው። ለምን እንዲህ ቀጠነ? ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጀግናዎ በሴኮንድ 3,000 ንዝረት ባለው ድምፅ ብትጮህ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 11 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ ያነሰውን ነገር በወጉ ልትለየው አትችልም፤ የልጇ ፊት ለእርሷ እብጠት ብቻ ነው። በ50,000 ብትጮህ ሞገዱ 7 ሚሊ ሜትር ይሆንና አፍንጫና ከንፈር ይለያል። ነገር ግን ቀጭን ድምፅ በአየር ውስጥ ቶሎ ይደክማል። ጥርት ያለው ዓለሟ በአሥሮች በሚቆጠር ሜትር ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራ፣ አድማስ፣ ኮከብ፣ እየቀረበ ያለ ሠራዊት በነጸብራቅ አይገኝም። የሌሊት ወፍ ዕውር ናት የሚባለው እውነት አይደለምና ደካማውን ዐይን ለሩቁ ይተዉላት። ሁለት ዓለም ይኑራት፦ በድምፅ የምትዳስሰው ቅርቡና በዐይን የምትገምተው ሩቁ። ግጥማቸው ከሁለቱ መካከል ካለው ክፍተት የሚወለድ ይመስለኛል።

ከዚህም የሚከብደው ነገር አለ። እኛ ስናይ ማንም አያውቅብንም። በጩኸት የምታይ ፍጥረት ግን ስታይ ሌሎች ይሰሟታል። ሌሊታዊት ሰውን በስርቆት ልታየው አትችልም፤ እያንዳንዱ እይታ የታየው ሰው ጆሮ ላይ ይደርሳል። ፍቅር የሚጀምረው «ስንት ጊዜ ጮኸችብኝ» ተብሎ በመቁጠር ነው። ዝም ማለት ዐይንን መክደን ነው፤ በሐዘን ቤት ዝም ብሎ መንጠልጠል ዓለምን ሁሉ ስለ ሟች መተው ነው። ሌባ የሚሰርቀው ሳያይ፣ የሌሎችን ጩኸት ነጸብራቅ እየተበደረ ነው። ለእነርሱ ጨለማ ማለት ፏፏቴ ነው፤ ጫጫታ በበዛበት ሁሉ ይታወራሉ።

ግድግዳውንም ያስቡት። በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የሌሊት ወፎች ቀጥ ብሎ ከቆመ ልሙጥ ሰሌዳ ጋር ይጋጫሉ፤ ልሙጡ ገጽ ድምፁን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚወረውረው ባዶ መንገድ ይመስላቸዋል። መሬት ላይ የተነጠፈ ልሙጥ ነገር ደግሞ ውሃ ይመስላቸውና ሊጠጡት ይሞክራሉ። በሌሊታውያን አገር እንግዲህ ግድግዳ ማለስለስ ነፍስ የማጥፋት ሙከራ ነው። ሕጋቸው ሁሉም ገጽ እንዲሻክር ያዝዛል፤ ጦር ሲመጣባቸው የዋሻውን አፍ በተወለወለ ድንጋይ ይዘጋሉ። ጌጣቸው ቀለም ሳይሆን ሸካራና ለስላሳ ነው፤ ጽሑፋቸው የሚቀረጽ እንጂ የሚቀባ አይደለም። የእሳት እራት ክንፍ ላይ ያለው ቅርፊት የሌሊት ወፍን ድምፅ ይውጣል፤ ሰላዮቻቸውም ድምፅ የሚውጥ ካባ ይለብሳሉ።

ቋንቋውም ይቀየራል፤ በአማርኛ ስለሚጽፉ ይህ በተለይ ይመለከትዎታል። አማርኛችን በዐይንና በእጅ የተሞላ ነው። «ታየኝ» እንላለን፤ «ዐይኔ ነሽ» እንላለን፤ የሚያፍረውን «ዐይን አፋር»፣ የታወቀውን ነገር «ፀሐይ የሞቀው» እንላለን፤ ለሚያከብሩት እጅ ይነሣል። እነዚህን ሳያስቡት በጀግናዎ አፍ ካስቀመጧቸው 12ቱ ገጾች ከንቱ ይሆናሉ። ነገር የገባት ሌሊታዊት «ተመለሰልኝ» ትበል። የማይታመን ሰው «ልሙጥ» ይባል። እናት ልጇን «ማሚቶዬ» ብላ ትጥራው። ሦስትና አራት እንዲህ ያሉ አባባሎችን ብቻ አውጥተው ደጋግመው ይጠቀሙባቸው፤ ሠላሳ ከፈጠሩ አንባቢ መዝገበ ቃላት ያነበበ ይመስለዋል።

የደሙን ቀለም በአጭሩ ልለፈው። አረንጓዴ ደም ይቻላል፤ በኒው ጊኒ የሚኖሩ አንዳንድ እንሽላሊቶች ቢሊቨርዲን የተባለ ንጥረ ነገር በደማቸው ስለተከማቸ ደማቸውም ሥጋቸውም አረንጓዴ ነው። ነገር ግን ሕዝብዎ ቀለም የማይለይ ስለሆነ አረንጓዴነቱን የሚያውቀው መጻተኛ ብቻ ነው። ለእነርሱ ደም ሽታና ሙቀት ነው። በጀግናዋ ዐይን በሚተረክ ምዕራፍ ውስጥ ቀለሙን አያንሡት።

አራት መቶ ዓመቱን ግን እጠብቅልዎታለሁ፤ ከጠበቁት በላይ ይጠቅምዎታል። የሌሊት ወፎች ከክብደታቸው አንጻር በጣም ረጅም ዕድሜ አላቸው፤ 7 ግራም ገደማ የምትመዝን አንዲት የሌሊት ወፍ ቀለበት ከታሰረላት ከ41 ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኝታለች። ያንኑ ያህል የምትመዝን አይጥ ከጥቂት ዓመት አታልፍም። የግሪንላንድ ሻርክ ደግሞ ቢያንስ 272 ዓመት እንደሚኖር በ2016 ተገምቷል፤ ለመውለድ የሚደርሰው 150 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ረጅም ዕድሜ ከዘገየ ልጅነትና ከጥቂት ልጅ ጋር አብሮ ይሄዳል። አንዲት ሴት በየአሥር ዓመቱ ለ200 ዓመት ብትወልድ 20 ልጅ ይሆናል፤ 16 ኩንታሉ በአንድ ትውልድ 160 ይገባል፤ ደኑ አይችለውም። ስለዚህ በዕድሜዋ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ትውለድ። የሌሊት ወፍ ግልገል ሲወለድ የእናቱን ክብደት ሩብ ያህል ይመዝናል፤ ለጀግናዎ ይህ 6 ኪሎ ነው። ያን ተሸክማ በመጨረሻዎቹ ወራት አትበርም፤ ሌሎች ያበሏታል።

እንዴት? ደም በል የሌሊት ወፎች ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ካልበሉ ይሞታሉ። ጄራልድ ዊልኪንሰን በ1984 እንዳሳየው የጠገበችው ለተራበችው ከሆዷ አውጥታ ታካፍላለች፤ የምታካፍለውም በብዛት ለዘመዷና ለረጅም ጊዜ ጎረቤቷ ነው። አሁን ይህንን ከ400 ዓመት ጋር ያጋቡት። ባንክ የለም፤ ጎተራ የለም፤ ገንዘብ አፍ ለአፍ የተቀበሉት ምግብ ነው፤ ባለዕዳውና ባለገንዘቡ ደግሞ ከ300 ዓመት በኋላ እዚያው ጣሪያ ላይ ጎን ለጎን አሉ። «አያትህ በደረቁ ዘመን እናቴን ከለከለ» የሚለው ነገር እንደ ታሪክ አይወራም፤ የከለከለው ሰውዬ ራሱ ሁለት ክንድ ርቆ ተንጠልጥሎ ይሰማል። ከሁሉ በላይ የምወደው ይህን ክፍል ነው፤ ልቦለድዎ ያለው እዚህ ይመስለኛል።

የመጀመሪያውን ትዕይንት በዚህ መንገድ ልሞክርልዎት፦

«መጀመሪያ የነቃው የግራ ጎኗ ነው፤ በዚያ በኩል የእህቷ ልጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። በቀኝ በኩል ብርድ አለ። ያ ስፍራ ትናንት የእናቷ ነበር። ዐይኗን ሳትገልጥ ጣቶቿን ቆጠረች፤ አሥሩም ዓለቱን ይዘዋል። በቁርጭምጭሚቷ ላይ የቢላዋዋን ገመድ ዳሰሰች፤ አለ። አልጮኸችም። ከጮኸች ባዶው ስፍራ ባዶ ሆኖ ይመለስላታል። ከታች የቆፋሪዎች አካፋ ይሰማል፤ ከሩቅ የውሃው ጫጫታ። ከዚያ አንድ ሰው አያት። ጩኸቱ ቀጭን፣ አጭር፣ ሦስት ጊዜ ነው። ማን እንደሆነ አወቀች፤ መልስ አልሰጠችም። ሆዷ ሁለት ሌሊት ባዶ ነው።»

ክንፍ የሚለው ቃል የለበትም፤ ስለ ጆሮዋም አልተናገርኩም። ዝርዝሩ ሁሉ አለ፤ ግን እርሷ እንደምትኖርበት እንጂ እኛ እንደምናየው አይደለም። ማስታወሻዎን አይጣሉት፤ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ሆኖ ይቅር።

አንድ የቀረኝ ዝናብ ነው። በ2011 በተሠራ ጥናት ጸጉራቸውና ክንፋቸው የረጠበ የሌሊት ወፎች ለመብረር ከደረቁት እጥፍ ኃይል አውጥተዋል። የሚወርደው ጠብታ ሁሉ ደግሞ የራሱን ነጸብራቅ ይመልሳል፤ ለጀግናዎ ከባድ ዝናብ ጭጋግ ነው። ስለዚህ ሕዝብዎ ሲዘንብ አይወጣም። የመጀመሪያው ሌሊት ዕረፍት ይሆናል፤ ልጆች ይጫወታሉ። በሁለተኛው ሌሊት ጨዋታው ይቀንሳል፤ ሰዎች ሙቀታቸውን ጥለው ለመተኛት ይጠጋጋሉ። በሦስተኛው ሌሊት እርጉዟ ለመነች፤ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ ግን ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት በልቶ ገብቷል፤ ሆዱም ሙሉ ነው። ምዕራፍ አንድን ከዚያ ሌሊት ይጀምሩት፤ ጀግናዎንም ከሽማግሌው አጠገብ ያንጠልጥሏት።